ኮምፒውተር እስኪታደል አንጠብቅ፤ አንድ ሰርቨር ካለ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይማራል

የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች፣ ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየተፈላ የሚነበብ ነው። የልጆቻችን ጉዳይ ስለሆነ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር፣ በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ወረቀቱ ቀስ በቀስ እየቀረ እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከወገዳ ዙሪያ፣ ከአርብ ገበያ ቆላ፣ ከመካነ ኢየሱስ ገጠር የሚመጣ ልጅ ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው የፈተናው ዕለት ከሆነ የሚፈተነው ፊዚክስ ነው ወይስ የማውስ አያያዝ? የከተማው ልጅ ጥያቄውን እያነበበ የእኛው ልጅ ቀስቱ የት እንደጠፋበት ይፈልጋል። ሰዓቱ ደግሞ ለሁለቱም እኩል ነው የሚቆጥረው።

ይህን ስናነሳ የሚሰጠን መልስ የታወቀ ነው። «ኮምፒውተር የለንም። ተጠይቋል፣ ሲመጣ ይታደላል» ይባላል። እኔ ግን እላለሁ፦ እስቲ መጀመሪያ ስቶራችንን እንክፈት። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስቶር ውስጥ አቧራ የለበሰ ሲስተም ዩኒት፣ ገመዱ የተጠቀለለ ኪቦርድ፣ «አሮጌ ነው፣ ይወገድ» ተብሎ የተቆለለ ሞኒተር አለ። አብዛኛው ሞቶ አይደለም፤ አርጅቶ ነው። ሞትና እርጅና ደግሞ ይለያያሉ። ያረጀ በሬ ብቻውን ሞፈር አይጎትት ይሆናል፤ ለማበራየት ግን ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ካልን ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በእኛ ላብ ያሉት አብዛኞቹ ይህን አያሟሉም። ስለዚህ እስካሁን «ደህና ናቸው» የምንላቸውም ተራ በተራ ወደ ስቶሩ ሊሄዱ ነው። ፈቃዱ ያልተከፈለበት ዊንዶውስ፣ በፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ፣ በየሳምንቱ ፎርማት ማድረግ የሚለውን ኑሮ መምህራን ጓደኞቼ ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም።

መፍትሔ ነው ብዬ የማምንበት ሐሳብ አዲስ አይደለም። አንድ ደህና ኮምፒውተር ሰርቨር ይሁን። ሊኑክስ ይጫንበት። ከሩቅ ሆኖ ዴስክቶፑን ለመጠቀም የሚያስችል ሶፍትዌር ይጨመርበት። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ የእሱ መስኮት ይሁኑ። በቃ።

እንዴት እንደሚሠራ በቀላሉ ላስረዳ። ተማሪዋ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ኪቦርድ ስትነካ፣ የነካችው ፊደል በኬብል ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ማሰቡን፣ ማስላቱን፣ ፋይል ማስቀመጡን ሰርቨሩ ይሠራል። ወደ እሷ የሚመለሰው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊቷ ያለው ማሽን ምስል ማሳየትና ፊደል መላክ ከቻለ በቂው ነው። 1 ጊጋ ራም ያለው፣ እኛ «ሞቷል» ያልነው ኮምፒውተር ቀላል ሊኑክስ ከተጫነበት ይህን ይችላል። ሃያ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ እያንዳንዱ የራሱ ዴስክቶፕ፣ የራሱ ፋይል፣ የራሱ የይለፍ ቃል አለው።

ቴክኖሎጂው ትናንት የተፈለሰፈ፣ ገና ያልተፈተነ እንዳይመስላችሁ። ሊኑክስ ላይ መስኮት የሚያሳየው ኤክስ የተባለው ሥርዓት በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ሲወጣ ገና ከመጀመሪያው ፕሮግራሙ አንድ ማሽን ላይ፣ ምስሉ ሌላ ማሽን ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ማይክሮሶፍትም በ1998 እ.ኤ.አ. አርዲፒ የሚባለውን የርቀት ዴስክቶፕ መግባቢያ ይዞ መጣ። ኤክስአርዲፒ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ሊኑክስ በዚሁ በማይክሮሶፍት ቋንቋ እንዲያናግር ያደርገዋል። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ዊንዶውስ 7 ወይም 10 ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ምንም ሳይጫንበት፣ ውስጡ ባለው «ሪሞት ዴስክቶፕ ኮኔክሽን» ብቻ ሊኑክሱ ውስጥ ይገባል።

ቤተ ልሔም ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የድጓ ምስክር የት ነው? እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም። ዝማሬ መዋሥዕቱስ? ዙር አምባ። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ አኩፋዳውንና ደበሎውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ድጓው ያለው እዚህ ነው፣ መምህሩ ያለው እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ጉባኤ ቤት አልተሠራለትም። አንዱ ምንጭ ሙሉና የታመነ ከሆነ፣ ቀጂው እንስራም ያምጣ ቅል ያምጣ ውኃው አንድ ነው። ሰርቨር ማለት ይኸው ነው።

እሺ፣ ሥራው እንዴት ይሠራል ለሚሉ፣ በተለይ ለአይሲቲ መምህራን፣ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ። ትዕዛዞቹን አንድ በአንድ እዚህ አልደረድርም፤ መንገዱን ግን ላሳይ።

አንደኛ፣ ማሽኑ። ሰርቨር ሲባል የግድ እንደ ባንክ ቤት ቁምሳጥን የሚያህል መሆን የለበትም። ደህና ፕሮሰሰር ያለው ዴስክቶፕ ይሆናል። ቁልፉ ራሙ ነው። ቀላል ዴስክቶፕ ከተጠቀምን አንድ ተማሪ ሲገባ ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይወስዳል፤ ጽሑፍ መጻፊያና ብሮውዘር ሲከፍት ወደ 1 ጊጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ 16 ጊጋ ያለው ማሽን ለአሥር ያህል ተማሪ፣ 32 ጊጋ ያለው ለሃያ ያህል ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ ቢሆን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ፋይል ሲከፍት የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ያቃስታል። ገንዘብ ካለን ሃያ ደካማ ኮምፒውተር ከመግዛት አንድ ጠንካራ መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ መስመሩ። አንድ ስዊችና የኔትወርክ ኬብል ያስፈልጋል። አንዱ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ የላብ ክፍል ደግሞ ይህን ያህል አይሆንም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ኢንተርኔት አያስፈልግም! ሰርቨሩና ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የነበረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው ላብ በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አይፈታም ነበር።

ሦስተኛ፣ ጭነቱ። ኡቡንቱ 24.04 ወይም ዴቢያን መውሰድ ይቻላል። ኡቡንቱ 24.04 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትም ነው፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። በላዩ ላይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ይጫናል። ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣው ግኖም ያምራል፣ ግን ከባድ ነው፤ ለሃያ ሰው አይሆንም። ከዚያ ኤክስአርዲፒ ይጫናል። እዚህ ጋ የሚነሳው ጥያቄ «ኢንተርኔት ከሌለ ከየት አውርደን እንጭናለን?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ኔትወርኩ ወደ ሰርቨሩ ካልመጣ ሰርቨሩ ወደ ኔትወርኩ ይሂድ። ንፋስ መውጫ ወይም ደብረ ታቦር ድረስ መኪና ላይ ጭኖ ወስዶ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስጭኖ፣ እዚያው ሞክሮ መመለስ ነው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለማሻሻያ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። እህል ወፍጮ ቤት ይሄዳል እንጂ ወፍጮ ቤቱ ወደ እህሉ አይመጣም።

አራተኛ፣ ማስተካከሉ። ብዙ ሰው ጭኖ ጨርሶ ሲገባ ጥቁር ስክሪን ብቻ ይመጣበትና «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ያው ተጠቃሚ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ገብቶ ሳይወጣ ከሌላ ኮምፒውተር ሊገባ ሞክሯል፤ ወይ ደግሞ ኤክስአርዲፒ የትኛውን ዴስክቶፕ እንደሚያስነሳ አልተነገረውም። የመጀመሪያው ወጥቶ በመግባት፣ ሁለተኛው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ «ኤክስኤፍሲኢን አስነሣ» የሚል አንድ መስመር በመጻፍ ይፈታል። ኤክስአርዲፒ የምስጢር ቁልፉን ማንበብ እንዲችል ደግሞ ኤስኤስኤል ሰርት በሚባለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። ሰርቨሩ የማይለዋወጥ አይፒ አድራሻ ይሰጠው፤ ለምሳሌ 192.168.1.10። አለበለዚያ ዛሬ የገባው ተማሪ ነገ አድራሻው ተቀይሮ በሩን ያጣዋል።

አምስተኛ፣ ተጠቃሚዎቹ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ አካውንት ይከፈትለት። «ተማሪ1» በሚል አንድ ስም ሁሉም ይግባ የሚለውን ነገር እቃወማለሁ። ልጅ የራሱ የሆነ ነገር ሲኖረው ይንከባከበዋል። በኡቡንቱ አዲሶቹ እትሞች የአንዱን ተማሪ ፎልደር ሌላው ከፍቶ ማየት አይችልም፤ ሲጫን ጀምሮ እንዲያ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዲት ልጅ ሰኞ የጀመረችውን ጽሑፍ ረቡዕ በየትኛውም ኮምፒውተር ፊት ብትቀመጥ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ፍላሽ የለ፣ ቫይረስ የለ፣ «ፋይሌ ጠፋ» የለ።

አማርኛስ? የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብም መጻፍም የሚከፈልበት ነገር አይደለም። አቢሲኒካ የሚባለው ቅርጸ ፊደል በነፃ ይገኛል፤ መጻፊያውም እንዲሁ። አንዴ ሰርቨሩ ላይ ከተጫነ ደግሞ ለሁሉም ተጫነ ማለት ነው። ሃያ ኮምፒውተር ላይ እየዞሩ መጫን ቀረ።

አሁን ስለ መብራት። «መብራት በየጊዜው እየጠፋ ምን ሰርቨር ታወራለህ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እንዲያውም ይህ አሠራር የሚጠቅመው መብራት ለሚጠፋበት አገር ነው። ለሃያ ኮምፒውተር ሃያ ዩፒኤስ መግዛት አንችልም፤ ለአንድ ሰርቨርና ለአንድ ስዊች ግን አንድ ዩፒኤስ እንችላለን። መብራት ድንገት ሲጠፋ የተማሪዎቹ ስክሪን ይጨልማል፤ ሥራቸው ግን ሰርቨሩ ላይ ክፍት እንደሆነ ይጠብቃቸዋል። ዩፒኤሱ ሳይጨርስ መብራቱ ከተመለሰ እንደገና ይገባሉ፤ ጠቋሚው ካቆሙበት ቃል ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ያገኙታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። የተቋረጠ ተማሪ ዴስክቶፕ ለዘላለም ክፍት ሆኖ ራም እንዳይበላ፣ የኤክስአርዲፒ «ሴስማን» በሚባለው ማስተካከያ ፋይል ላይ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። ወዲያው ዝጋ ከተባለ የመብራቱ ጥቅም ይቀራል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢሰጠው ይበቃል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የርቀት ዴስክቶፕ የሚገባበት በር ቁጥሩ 3389 ነው። ይህ በር ከላቡ ውጭ፣ ወደ ኢንተርኔት ፈጽሞ መከፈት የለበትም። በዓለም ላይ ይህን በር ሌት ተቀን የሚያንኳኩ ሌቦች አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ በማይክሮሶፍቱ የርቀት ዴስክቶፕ ላይ ሲገኝ ነገሩ ስላሰጋው ማይክሮሶፍት ድጋፍ ላቆመለት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ አውጥቷል። የእኛው ኤክስአርዲፒ ሌላ ሶፍትዌር ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። የቤትህን በር ለጎረቤትህ ክፈት፣ ለመንገደኛ ሁሉ ግን ገርበብ አድርገህ አትተኛ። በፋየርዎል ላይ «ከላቡ አድራሻዎች ውጭ ማንም አይግባ» ማለት የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ድክመቱንም ልናገር፤ ያለዚያ ነጋዴ እንጂ መምህር አልሆንም። ቪዲዮ በዚህ መንገድ ሲታይ ይንቀረፈፋል፤ ሃያ ተማሪ በአንዴ ፊልም ልክፈት ካለ አይሆንም። ድምፅም ተጨማሪ ማስተካከያ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰርቨሩ ከታመመ ክፍሉ በሙሉ ይታመማል። ስለዚህ ሁለተኛ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ቅጂ መያዝ የግድ ነው። «እንቁላሉን ሁሉ አንድ ዶሮ ሥር አታስታቅፍ» የሚለኝ ካለ ልክ ነው፤ ግን ዛሬ እኮ እንቁላሉ ስቶር ውስጥ እየተበላሸ ነው!

ሌላው ተቃውሞ «ሥራ ቦታ የሚጠየቀው ዊንዶውስና ዎርድ ነው፤ ሊኑክስ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል ነው። አከብረዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ማውስ ማውስ ነው። ኪቦርድ ኪቦርድ ነው። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሠንጠረዥ መሥራት የተማረ ልጅ ኤክሴል ፊት ሲቀመጥ አይደነብርም። በሲኖትራክ መንዳት የተማረ ሾፌር አይሱዙ ቢሰጡት ይነዳዋል። ይልቁንም በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ልጆቻችን ተጠቃሚ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ ካልፈለግን፣ ሞተሩ ሲከፈት የሚያዩበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከዚያ ማዕድ ምን ይቆርሳል?

ሰርቨሩ ካለ ደግሞ ሌላም ነገር ይሸከማል። ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ የአማርኛውም አለ። የመማሪያ መጻሕፍቱን በፒዲኤፍ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ሙድል የሚባለውን ጭኖ ደግሞ የሞዴል ፈተናን እዚያው ላብ ውስጥ በኮምፒውተር መስጠት ይቻላል፤ ሰዓት እየቆጠረ፣ መልስ እየመረጡ፣ «አስረክብ» የሚለውን እየተጫኑ። የእኛ ልጅ ይህን በ11ኛ ክፍል አሥር ጊዜ ካደረገው የፈተናው ዕለት የሚያሳስበው ፊዚክሱ ብቻ ይሆናል። መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ሐሳብ የሚከሽፈው በራም ማነስ አይደለም። የሚከሽፈው በሰው ነው።

ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ? በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች በእሱ ተምረናል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሳተላይት ይወርዳል፤ መምህሩ ዳር ቆሞ ያያል፤ ሲጨርስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። እሱም አንድ ምንጭ፣ ብዙ ስክሪን ነበር። ታዲያ ከዚህኛው በምን ይለያል? የፕላዝማው ምንጭ ከእኛ እጅ ውጭ ነበር። አንድ ተማሪ «አልገባኝም» ብሎ ቢያስቆመው አይቆምም። ዲሹ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ሩቅ ነው። ቆይቶ ስክሪኑ በየግድግዳው ላይ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እኔ የምለው ሰርቨር ግን ምንጩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መምህሩ ያቆመዋል፣ ያስነሣዋል፣ ይቀይረዋል። ካላወቀበት ግን እሱም ከፕላዝማው ጎን መሰቀሉ አይቀርም።

በየቦታው የምናየው ችግር ይህ ነው። አንድ ጎበዝ መምህር ይመጣል፣ ላቡን ያቆማል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ ይዛወራል፣ ወይ ሥራ ይቀይራል። የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። የቀረው ሰው ሰርቨሩን ለመንካት ይፈራል፤ አንድ ቀን እምቢ ሲል ይቆለፍና አበቃ። ጥፋቱ የሄደው መምህር ብቻ አይደለም፤ «አንተ ታውቃለህ» ብለን ሁሉንም እሱ ላይ የጣልንበት የእኛም ጭምር ነው።

ለዚህ መድኃኒቱን ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ የለብንም። የአብነት ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው ዘመናትን የተሻገረው? መምህሩ ብቻውን አያስተምርም። የበሰለው ለጀማሪው ይቀጽላል፤ ጀማሪው ሲበስል ደግሞ ለሚቀጥለው። መምህር ቢያልፍ ወንበሩ አያድርም፤ የሚተካ አለ። ደግሞም ማንም ተነሥቶ «አውቄያለሁ» አይልም፤ ያስመሰክራል። እኛም እንደዚያው እናድርግ። ከአይሲቲ መምህሩ ጋር ቢያንስ አንድ ሌላ መምህርና አራት ወይም አምስት ጎበዝ ተማሪዎች፣ ከ9ኛም ከ11ኛም የተውጣጡ፣ ሰርቨሩ ሲጫን አብረው ይቀመጡ። ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍተው ከዜሮ ራሳቸው ይጫኑት። መምህሩ ዳር ቆሞ ይይ። ሳይጠይቁ ከጨረሱ አስመሰከሩ ማለት ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮችም ልጨምር። የተሠራው ሁሉ በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ በደብተር ይቀመጥ፤ አድራሻው፣ የተለወጠው ፋይል፣ የተለወጠበት ቀንና ምክንያት። ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ መመሪያ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ አብሮ ይበላሻል። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ ይግባ። መምህር ሲዛወር እንደ ማንኛውም ንብረት ፈርሞ ያስረክብ። ወንበርና ጠረጴዛ በሞዴል እያስረከብን ዕውቀቱን ሳናስረክብ የምንሸኛኘው ነገር ይቅር።

ገንዘቡስ? ስዊችና ኬብሉ፣ አንድ ዩፒኤስና የራም ጭማሪ፣ ከስኩል ግራንቱም ከውስጥ ገቢውም ላይ በእቅድ ከተያዘ የሚደፈር ነገር ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ሰርቨሩን በተመለከተ፣ በአዲስ አበባም በውጭም ያላችሁ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። ስትረዱ ሃያ ያገለገለ ላፕቶፕ በሻንጣ ከምትልኩ አንድ ጠንካራ ማሽን ብትልኩ ይሻላል። ላፕቶፑ ባትሪው ያልቃል፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞራል፣ በመጨረሻ ተማሪው ጋ አይደርስም። ሰርቨር ግን ማንም ብብቱ ሥር አድርጎ ቤቱ አይወስደውም፤ ቢወስደውም ብቻውን አይጠቅመውም።

ለወረዳና ለዞን ትምህርት ኃላፊዎቻችንም በአክብሮት የምጠይቀው አለ። በሪፖርት ላይ «ስንት ኮምፒውተር አለ?» የሚለው ጥያቄ ይቀየር። «አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ?» ተብሎ ይጠየቅ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስቶር ውስጥ ያለው ብረትም ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የሚመልሰው ግን ልጁ ብቻ ነው። ደግሞም «ይወገድ» የሚለው ፊርማ ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ኮምፒውተሮቹን አብርቶ ይያቸው። ሞኒተሩ ካበራ፣ ኪቦርዱ ከጻፈ፣ ለመስኮትነት ይበቃል።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በቅርባችን ነው። የኮምፒውተር ተማሪዎቹ ለክረምት በጎ ፈቃድ ሲወጡ ዛፍ ከመትከሉ ጎን ለጎን በየወረዳው አንድ አንድ ሰርቨር ቢተክሉልን ምን ይጎዳቸዋል? ለእነሱም ልምምድ ነው፣ ለእኛም በረከት።

መምህራን ጓደኞቼ፣ ለመጀመር ደብዳቤ አትጠብቁ። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ኬብል ካላችሁ ዛሬ ከሰዓት መሞከር ትችላላችሁ። በአንዱ ላይ ሊኑክሱን ጫኑ፣ ከሌላው ግቡ። በሁለት ከሠራ በሃያም ይሠራል፤ ልዩነቱ ራም ነው። የት ላይ እንደተቸገራችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አብረን እንፈልጋለን።

የቀጣዩ ዓመት ተፈታኞች ዛሬ 11ኛ ክፍል ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ እስኪታደል እነሱ አይጠብቁም፤ ፈተናውም አይጠብቃቸውም። ስቶሩን እንክፈት።